ለፈተና የቆየ መርዶ

ከአዲስ አበባ በወጣሁበት ዋዜማ እናቴ ሻንጣዬን ስታሰናዳ እኔ ቫዮሊኔን በብርድ ልብስ እጠቀልል ነበር። ውጭ ያዘንባል። እሷ በርበሬውንና ሽሮውን በላስቲክ ላይ ላስቲክ እየደራረበች ቆየችና ቀና ብላ፣ «ይኼ እንጨት እዚያ ያበላሃል?» አለችኝ።

«እዚህስ መቼ አበላኝ?» አልኳት።

ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ ማሸጓን ቀጠለች። ትከሻዋን አይቼ እያለቀሰች መሆኑን ባውቅም ያላየሁ መሰልኩ። በእኛ ቤት እንዲህ ነው የምንዋደደው።

ለምን ወጣህ ለምትሉኝ የሚያስደንቅ ታሪክ የለኝም። ማንም አላሳደደኝም። የማስተምርባት ትንሽ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ እየሳሳባት ሄደች፤ ደመወዝ ዘገየ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ተስፋ ከጣልኩባቸው ልጆች አንዱ ባንክ ገባ፣ አንዱ ሠርግ ቤት ኪቦርድ መምታት ጀመረ፣ አንዷ ዐረብ አገር ሄደች። ናይሮቢ የገባ የቀድሞ ተማሪዬ ደግሞ ደጋግሞ ይጽፍልኛል። «ጋሼ፣ እዚህ ክላሲካል የሚማር ልጅ ሞልቷል። ለመድረክና ለውጭ አገር ፈተና የሚያዘጋጃቸው ሰው ነው የጠፋው» ይለኛል። እኔም ከዚያ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ልጅን ከክፍል አውጥቶ ሰው ፊት ማቆም፣ እጁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን እንዲጫወት ማድረግ፣ ከተጫወተ በኋላ ደግሞ እንጀራ የሚበላበትን መንገድ ማሳየት፤ በቃ ይኸው ነኝ።

ሞያሌ ላይ የእኛው ፈታሽ የቫዮሊኑን ሳጥን አስከፈተኝ።

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

«ታዲያ ለምን ትሸከመዋለህ?»

«ሥራዬ ነው።»

«እስቲ ሥራ።»

በአውቶቡስ ተቀጥቅጬ፣ አቧራ ለብሼ፣ ሰልፉ መሐል ቆሜ ተጫወትኩ። ፈታሹ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝና፣ «የለቅሶ ነው እንዴ? ሌላ የለህም?» አለ። ከኋላዬ የቆሙት ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። እንዲህ እየተሳቀብኝ ነው ከአገሬ የወጣሁት።

ናይሮቢ በብርዷ አታለለችኝ። ሐምሌ ላይ በጠዋት ስትወጡ ያው የእኛ ጭጋግ ነው፣ ያው አፍንጫ የሚያቀዘቅዝ አየር ነው፤ ቤታችሁ ያላችሁ ይመስላችኋል። ኡጋሊያቸው መሐሉ ቅቤና በርበሬ የጠፋበት ገንፎ ነው። ሰላምታቸው አጭር ነው፤ «ሳሳ» ይሉሃል፣ «ፖዋ» ትላለህ፣ አለቀ። እናትህ ደህና ናት፣ ቤተሰብ እንዴት ነው የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ቅር ይለኝ ነበር። አሁን ግን ያገሬ ሰው መንገድ ላይ አቁሞ «እናትህ እንዴት ናት?» ሲለኝ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ስልኬን ከኪሴ አወጣለሁ። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ወረቀት ላወጣ የሄድኩበት ቢሮ ያለው ጸሐፊ ቀና ሳይል ሥራዬን ጠየቀኝ።

«ወጣት ሙዚቀኞችን ለመድረክ አዘጋጃለሁ» አልኩት።

«መጫወት አይችሉም ማለት ነው?»

«ይችላሉ።»

«ከቻሉ አንተ ምን ታደርጋለህ?»

«እንዳይፈሩ አደርጋለሁ።»

አሁን ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ «ልዩ ልዩ» ብሎ ሞላው። እስከ ዛሬ በኬንያ መንግሥት ዘንድ ልዩ ልዩ ነኝ።

ቤት የተከራየሁት ካሳራኒ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ኬርቴከሩ፣ ሚስተር ካማው የሚባል፣ ሁልጊዜ የሱፍ ኮፍያ የሚያደርግ ሰው ነው። በገባሁ በወሩ በሬን አንኳኳ።

«ሙዚቃ አስተማሪ ነህ አሉኝ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ሙዚቃ ለምን አይሰማም? ያው አንዱ ነገር ብቻ ነው ደጋግሞ የሚሰማው።»

«እስኪስተካከል ነው።»

«ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«አንዳንዱ ዐሥር።»

«ኪራይ ግን በየዓመቱ ይጨምራል» ብሎኝ ወረደ።

ተማሪዎቼ መጀመሪያ ሩንዳ የሚባለው የሀብታም ሰፈር ልጆች ነበሩ፤ እናቶቻቸው በመኪና የሚያመጧቸው፣ እኔ ክፍል ሲገቡ የሚቀመጡበት የሚጠፋቸው። ህሊና የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ያመጣቻት አክስቷ እትዬ ዘነበች፣ ከተማ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት። ህሊና እናቷ የሞተችባት በልጅነቷ ነው። አባቷ አቶ በቀለ ከታላቅ ወንድሟ ከናሆም ጋር አዲስ አበባ ቀርቶ፣ ልጅቱን ለትምህርት ብሎ ለእህቱ ለዘነበች ሰጣት። አቶ በቀለ ዕድሜውን ሙሉ በወታደር ባንድ ክላርኔት ሲነፋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ህሊና ስልኩን ብርጭቆ ላይ ደገፍ አድርጋ የሳምንቱን ትምህርት ትጫወትለታለች። እሱ ከዚያ ማዶ ሆኖ ይሰማታል።

«እዚያ መሐል ላይ ምነው ቸኮልሽ?» ይላታል። «ትንፋሽሽን የት ወሰድሽ?»

«አባዬ፣ ቫዮሊን እኮ አይተነፍስም።»

«አይተነፍስም ያለሽ ማነው? መምህርሽ ነው?»

እኔ ከጎን ሆኜ በእጄ አይደለሁም እላለሁ። ስልኩ ወደ እሷ የዞረ ስለሆነ ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ድምፁን ግን ከማንም በላይ አውቀው ነበር። የሳምንቱ መምህሯ እኔ ነበርኩ፤ የእሑዱ እሱ ነበር። አልቀናሁበትም ብል ይሻላል።

ህሊና ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሆናት ያ ሁላችን የምንጠብቀው ነገር መጣ። አንድ የውጭ አገር የሙዚቃ ኮሌጅ ሙሉ ወጪ ችሎ የሚወስዳቸውን ልጆች ለመምረጥ ዳኞቹን ናይሮቢ እንደሚልክ ተነገረ። ለእሷ ከዚህ ሌላ በር አልነበራትም። ካላለፈች በእትዬ ዘነበች ምግብ ቤት ካሸር ሆና ትቀመጣለች፤ ቫዮሊኑም እንደ ብዙዎቹ አልጋ ሥር ይገባል። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፣ አናወራውም።

እንግዲህ አዘጋጃት ጀመር። ከታች እስከ አራተኛ ፎቅ አስሮጣትና ልቧ እየመታ ወዲያው አስጀምራታለሁ፤ ፍርሃት ማለት እሱ ነውና ከወዲሁ ትልመደው ብዬ። ሚስተር ካማውንና ሰገነት ላይ ልብስ የሚያሰጡትን ሴቶች ታዳሚ አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ። መጫወቱን ትችላለች። ያስቸገረን ሌላ ነው። ስትገባ እጅ የምትነሣው መስቀል ልትሳለም እንደቀረበች ሴት ነው፤ ዓይኗ ከወለሉ አይነሣም።

«ቀጥ ብለሽ እያቸው» እላታለሁ።

«ጋሼ፣ ትልልቅ ሰዎች አይደሉ እንዴ? ኢትስ ሩድ።»

«እሺ፣ ስለ ራስሽ ንገሪን ቢሉሽስ?»

ትንሽ አሰበችና፣ «አክስቴ ትንገራችሁ እላለሁ» አለችኝ። ሳቅን። ኬንያ ያደገች ልጅ ናት፤ ስዋሂሊውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፣ ራስን ማሞገስ ላይ ሲደርስ ግን የአክስቷ ልጅ ናት።

ፈተናው ሊደርስ ሲል፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እትዬ ዘነበች ብቻዋን መጣች። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ እሷ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ወንበር ሰጠኋት፣ ተቀመጠች። ቁልፉን ስትፈታ ከሥር ጥቁር ለብሳለች።

«ወንድሜ ሞተ» አለችኝ። «ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ወደቀ። በዚያው ቀረ።»

«ህሊናስ?» አልኳት።

«ትምህርት ቤት ናት። አልነገርናትም። የእዚሁ እድራችን ሽማግሌዎች ተነጋገሩበት፤ ሰብሳቢው ጋሽ ሙሉጌታም ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ በወጉ ትረዳለች ብሏል። አንተም አፍህን ትይዛለህ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልክ መሰለኝ። እኛ እንዲህ ነን፤ መርዶ ለሰው በቁሙ አይወረወርም፣ ጊዜ ይፈለግለታል፣ ሰው ይሰበሰብለታል፣ በባዶ ሆድ በጠዋት ይነገራል። በዚያ ላይ እኔ መምህር ነኝ። እንዲህ ያለ ወሬ የሰማ ክንድ ቀስቱን እንዴት እንደሚይዝ አውቃለሁ።

«እሑድ ትደውልለታለች እኮ» አልኳት።

«ጸበል ገብቷል እንላታለን። እዚያ ስልክ አይያዝም።»

«ዝም ብላ አትቀመጥም። ቀድታ ትላክለት፤ ሲወጣ ይሰማዋል እንበላት።»

«ብልህ ነህ» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ።

ልትሄድ ተነሣችና ቆመች። «ትንሽ ተጫወትልኝ» አለች፣ «ጮክ አድርገህ።» ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ ገብታ በሩን ዘጋች። ያኔ ገባኝ። ቤቷ ህሊና አለች፣ ምግብ ቤቷ ደንበኛ አለ፤ ለገዛ ወንድሟ የምታለቅስበት ቦታ አጥታ ነው እኔ ዘንድ የመጣችው። ቫዮሊኑን አንሥቼ ስኬል ተጫወትኩ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ የቻልኩትን ያህል አጮህኩት። ቢሆንም ለቅሶዋ ይሰማ ነበር። ሚስተር ካማው በሩን ደበደበ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ልምምድ ነው» አልኩት።

እሑድ ህሊና የመጣችው እኔ ቤት ነው። ስለ ጸበሉ ተነግሯታል። «ጥሩ ነው፣ ወገቡን ያመው ነበር» አለች። ስልኳን ይዤ እኔ ቀዳኋት። ለፈተናው የያዘችው ዝግ ያለ፣ ለብቻ የሚጫወቱት የድሮ ጀርመኖች ሥራ ነበር። ጥሩ ጀመረች። መሐሉ ላይ ጣቷ ሳተ፤ ክትክት ብላ ሳቀችና ቀጠለች።

«እንደገና እንቅዳው ጋሼ?»

ስልኩን ቶሎ ማስቀመጥ ፈለግሁ። «ተይው» አልኳት። «ልምምድ ነው፣ ይገባዋል።»

ላከችው። አመሻሹ ላይ መልእክት ጻፈችልኝ፤ «ጋሼ፣ የዋትስአፑ ቲክ ብሉ ሆኗል። አባዬ ሰማው።»

ጠጉሬ ቆመ። ሰውየው ተቀብሯል። ስልኬን ፊቱን ደፍቼ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ መልሼ አነሣሁና እናቴ ዘንድ ደወልኩ።

«ትናንት አውርተን የለም? ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

«ምንም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

«ገንዘብ አታባክን» አለችና ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እደውላለሁ። እህቴ አንሥታ «ተኝታለች» ያለችኝ ቀን ቀስቅሺያት ብዬ ተጣላን። እኔ ራሴ ሰው እንዴት እንደሚዋሽ አሁን አውቃለሁ፤ ድምፅ ሳይንቀጠቀጥ፣ ለደህንነቱ ተብሎ፣ በፍቅር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አትጠይቁኝ። ህሊና ስትደውል የአባቷ ስልክ ዝግ ነው፤ ጸበል ቦታ አይከፈትም እንላታለን። ስትጫወት ያ መሐሉ ላይ ስትደርስ እኔ ሳላውቀው ከክፍሉ ጥግ «ትንፋሽሽን የት ወሰድሽ?» የሚል ድምፅ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን የሰማሁት መስሎኝ ዞር አልኩ። «ጋሼ፣ ማን መጣ?» አለችኝ። ማንም አልኳት። ፈራሁ። በሕይወቴ ሙታንን ፈርቼ አላውቅም ነበር፤ ይኸኛውን ግን እኔ ነኝ ቤቴ ያስገባሁት፣ ልጁ እንዳታየው ደብቄው። አክስቷም ቀለም ያለው ቀሚስ ለብሳ እንግዳ እያስተናገደች፣ ከሳምንት ሳምንት ፊቷ ሲጠቁር አያለሁ። ህሊና «እትዬ ምነው?» ትላታለች፤ «ጨጓራዬ ነው» ትላለች።

ፈተናው ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እኔና እትዬ ዘነበች ኮሪደሩ ላይ ቆምን። በሩ ገርበብ ብሏል። ህሊና ገባች፤ ቀጥ ብላ አየቻቸው፤ እጅ ነሣች፣ ግን በልኩ። ከዚያ ተጫወተች። ስለ አጨዋወቷ ብዙ አልልም፤ ያቺ ስትፈራ ቶሎ ቶሎ የምትለው ልጅ ያ መሐሉ ላይ ስትደርስ ቆማ ተነፈሰች፣ ሳትቸኩል አለፈችው። እንዲህ እንድትጫወት ስንት ጊዜ እንደለፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ግን ያስተማራት እኔ አልነበርኩም።

ከዳኞቹ አንዷ፣ ጠጉሯ የሸበተ ሴት፣ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት፤ ይህን ስትለማመጂ ለማን ነው የምትጫወቺው?

«ለአባቴ» አለች ህሊና። «እሑድ እሑድ ይሰማኛል። አሁን ትንሽ ራቅ ያለ ቦታ ሄዷል፤ ሲመለስ ይኼንንም እነግረዋለሁ።»

እትዬ ዘነበች እንግሊዝኛ እምብዛም ናት። ክንዴን ይዛ፣ «ምን አለች?» አለችኝ።

«ደህና መለሰች» አልኳት።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ እትዬ ዘነበች ቤት በር ላይ ተሰበሰብን። ጋሽ ሙሉጌታ፣ የእድሩ ሰዎች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ አንድ ቄስ፤ ሁላችንም ደረጃው ላይ ድምፅ ሳናሰማ ቆምን። ነዋሪዎቹ ወደ ማታቱ ታክሲ ሲወርዱ እያዩን ያልፋሉ። እትዬ ዘነበች ከውስጥ በሩን ከፈተች። ህሊና ከእንቅልፏ ተነሥታ በፒጃማ ወጣች። ያ ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ አገር ቤት ያደገ ሕፃን ያውቀዋል። እሷ አላወቀችም። ዓይኗ ሰዎቹን ሁሉ አልፎ እኔ ላይ ዐረፈና ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ ሪዘልቱ መጣ እንዴ?»

ሴቶቹ ጩኸታቸውን የለቀቁት ያኔ ነው። ያን ፈገግታ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አላየሁትም፤ ዞሬያለሁ። አሁን ግን ስተኛ የማየው እሱን ነው። ያላየሁትን።

ውጤቱን ልንገራችሁና ልገላገል፤ አልፋለች። ኢሜይሉ የመጣው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፤ ትሄዳለችም። ጋሽ ሙሉጌታ «ይኸው፣ ብንነግራት ኖሮ ይኼ ሁሉ ይቀር ነበር» ይላል፤ ሰውም ልክ ነው ይላል። እኔም ልክ ነው እላለሁ፣ ሰው ፊት።

ግን በለቅሶው በሦስተኛው ቀን የሆነውን ማንም አያውቅም። ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ ሰው ተቀምጧል፤ ቫዮሊኑ ሐዘን ቤት አይታይም ተብሎ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቷል። ህሊና ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች ጠቀሰችኝና ወደ በረንዳው ወጣን። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ጋሼ፣ ያን እሑድ የላክሁትን የሰማው ማነው?»

«አላውቅም» አልኩ። ይኼኛው እውነት ነበር።

የአባቷን ቁጥር ደወለችና ስልኩን በረንዳው ብረት ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው። ናሆም አነሣ።

«ናሆም፣ ያን የቀዳሁትን አንተ ነህ የከፈትከው?»

«አዎ» አለ። «ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። የአባዬ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ፤ ሳየው አንቺ ነሽ። አላስቻለኝም፣ ከፈትኩት። ለቀስተኛው ሁሉ ዝም አለ። የባንድ ጓደኞቹ መጥተው ነበር፤ አንዱ ሽማግሌ ስልኩን ከእጄ ወሰደና ቆሞ ወደ ላይ ያዘው፣ እስኪያልቅ። ሌሎቹም ተነሥተው ቆሙ። እንደዚያን ቀን የተለቀሰበት ጊዜ የለም፣ ህሊና። ደስ ይበልሽ።»

ህሊና ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔ አላወቅሁም ነበር» አለች። «መሐሉ ላይ ተሳስቻለሁ። ሳቄም አለበት። ሳቄ ይሰማል?»

«ይሰማል» አለ ናሆም ቀስ ብሎ። «ግን ማንም አልከፋውም። ስህተቱንም ልብ ያለ የለም።»

«አባዬ ልብ ይል ነበር» አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አልጮኸችም፤ አልተቆጣችም። ቆማ ጥያቄ የምትጠይቅ ተማሪ ነበር የምትመስለው።

«ብትነግሩኝ ኖሮ እኮ በደንብ እጫወትለት ነበር፣ ጋሼ» አለችኝ።

ስልኩ ውስጥ ናሆም «ሄሎ፣ ህሊና፣ ይሰማል? ሄሎ» ይላል።